ባለዕዳን ማራቆት ባለገንዘብን አያስከፍልም

የብድር ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ ካፌም ይሁን ገርጂ መኪና መሸጫ ደጃፍ ላይ፣ ተከራካሪ የማይገኝለት አንድ አስተያየት አለ። «ሕጉ ለተበዳሪ ይራራል፤ ጨከን ቢል ኖሮ ሰው ዕዳውን ይከፍል ነበር» ይባላል። ነጋዴው ይለዋል። የባንክ ብድር ሠራተኛው ይለዋል። ለዘመዱ አበድሮ ገንዘቡ የቀለጠበት ሰው ይለዋል፤ ብዙ ጠበቆችም ይሉታል። ከዚያ የሚከተለው ምክርም የታወቀ ነው፦ ቼክ አስፈርመህ ያዝ፣ ካልከፈለ አሳስረው፣ ቤቱን በሐራጅ አሽጥበት፣ ደመወዙን አስቆርጥበት፣ ዋሱን አትልቀቅ።

አስተያየቱ ያሳምናል፤ ስሕተት መሆኑ የሚታየው በአዲስ አበባ የዕዳ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ ለተከታተለ ሰው ነው። ጭካኔው ሞልቷል። የሚያርፈው ግን ሀብቱን ማሸሽ በማይችለው ላይ ነው፦ በደመወዝተኛው፣ በዋሱ፣ አንዲት ቤት ብቻ ባላት ቤተሰብ ላይ። ማሸሽ የሚችለው ራቅ ብሎ ቆሞ ጊዜ ይገዛል። ባለገንዘቡም ከመጀመሪያው ሰው ጥቂት፣ ከሁለተኛው ምንም ሳያገኝ ዓመታት ይነጉዳሉ።

በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቦሌ ምድብ ችሎት የዕዳ ክስ አሸንፎ የወጣ ሰው በእጁ የያዘው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ወደ ገንዘብ የሚለወጠው ሌላ መዝገብ ተከፍቶ ነው፤ የአፈጻጸም መዝገብ። እዚያ ከሳሽና ተከሳሽ «የፍርድ ባለመብት» እና «የፍርድ ባለዕዳ» ተብለው እንደገና ይገናኛሉ። ባለመብቱ በ10 ዓመት ውስጥ አፈጻጸም ካልጠየቀ መብቱ በይርጋ ይታገዳል። የባለዕዳውን ንብረት ፈልጎ የማግኘቱ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው የሚወድቀው በራሱ በባለመብቱ ጫንቃ ላይ ነው። ሲኤምሲ ወይም ሰሚት ቤት አለው ብሎ የሚጠረጥር ከሆነ፣ የቤቱ ማኅደር ቦሌ ክፍለ ከተማ ይሁን የካ፣ ወይስ ከሁለቱ ተከፍሎ በ2013 ወደ ተቋቋመው ለሚ ኩራ የሄደ፣ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። መኪና ካለው የሰሌዳ ቁጥር ያስፈልጋል። ገንዘብ በየትኛው ባንክ እንዳስቀመጠ ካላወቀ፣ ከ30 በላይ ባንኮች ባሉበት አገር ለየትኛው የእግድ ደብዳቤ እንደሚያጽፍ መገመት ነው።

ለደመወዝተኛ ግን ይህ ሁሉ ድካም የለም። አንድ ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤቱ ፋይናንስ ክፍል ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ወር ደመወዙ ይቆረጣል። ሕጉ እኩል ይመስላል፤ በተግባር ግን ሀብቱ በግልጽ የተመዘገበ ሰው በአንድ ቀን ይያዛል፤ ንብረቱን በወንድሙ፣ በአማቹ፣ በሹፌሩ ስም ያዞረ ሰው ለዓመታት ይፈለጋል። ቅጣቱ ቢከብድ ይህ ልዩነት አይጠብም። እንዲያውም ይሰፋል፤ የሚያስፈራው ነገር በከበደ ቁጥር ገና ክስ ሳይመሠረት ንብረት የሚያሸሸው ሰው ይበዛልና።

ጊዜ ለማን እንደሚሠራ ማየትም ያስፈልጋል። በውል የተለየ ወለድ ካልተጠቀሰ ፍርድ ቤት የሚያስበው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1751 የተቀመጠውን ነው፤ በዓመት 9 በመቶ። አንድ ሚሊዮን ብር የተፈረደለት ሰው ሦስት ዓመት ቢጠብቅ ወለዱ 270,000 ብር ይሆናል። በ2014 ግን የአገሪቱ የዋጋ ንረት በይፋዊው አኃዝ እንኳ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ፣ ከዚያ በፊት በነበረው የባንክ ዋጋ ከ17,000 ዶላር በላይ የነበረው አንድ ሚሊዮን ብር በጥቂት ሳምንታት ከ10,000 ዶላር በታች ወረደ። በተበደረው ገንዘብ ቤት ሠርቶ ወይም ዕቃ አስገብቶ የተቀመጠ፣ ክርክሩን በይግባኝና በቀጠሮ የሚያንዛዛ ባለዕዳ በእነዚህ ዓመታት አትርፏል። ያበደረው ጡረተኛ ከስሯል። የደመወዝተኛው ዕዳ ግን በንረቱ ቢቀልም የደመወዙ ዋጋ ከዕዳው ቀድሞ ወድቋል።

ሕጉ ለባለዕዳ ያስቀመጠው ጥበቃ የት ደርሷል?

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የወጣው በ1958 ነው። አንቀጽ 404 ለዕዳ የማይያዙ ነገሮችን ይዘረዝራል፦ ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ የግድ የሚያስፈልግ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና የአልጋ ልብስ፤ ሙያውን የሚሠራበት መሣሪያ፤ ገበሬ ከሆነ ለኑሮው የሚያስፈልጉት ከብትና ዘር፤ ለእሱና ለቤተሰቡ ለሦስት ወር የሚበቃ ምግብና ገንዘብ፤ ጡረታና ቀለብ፤ ከደመወዙም ሁለት ሦስተኛው። ደመወዙ በቀን ከ2 ብር የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ምንም አይነካም ይላል።

በቀን ሁለት ብር። አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ50 ሳንቲም ይመነዘር በነበረበት ዘመን ይህ ድንበር ትርጉም ነበረው፤ እጅግ ድሃ የሆነውን ሠራተኛ ከዕዳ ቆራጭ ይጋርድ ነበር። በወር ሲታሰብ 60 ብር ነው። ዛሬ በአገሪቱ 60 ብር የወር ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም፤ ስለዚህ የዚህ ድንጋጌ ጥበቃ ማንንም አይጠብቅም። ሕግ አውጪው የሻረው ቀን የለም። ዋጋው እየተሸረሸረ ሄዶ በራሱ ጊዜ ሞቷል።

«የድሮ ሕግ ነው፤ ምን ይደረግ» የሚል መልስ አያዋጣም። መንግሥት ለራሱ ገቢ ሲሆን ድንበሩን ደጋግሞ አንቀሳቅሷል። ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የማይከፈልበት የወር ደመወዝ በ1994 አዋጅ 150 ብር ነበር፤ በ2008 ወደ 600 ብር፣ በ2017 ወደ 2,000 ብር አደገ። እንግዲህ አንድ ሠራተኛ ከዚህ በታች ቢያገኝ ግብር ለመክፈል ድሃ ነው ተብሏል። ለዕዳ ሲሆን ግን በወር ከ60 ብር በላይ ያገኘ ሁሉ ሲሶውን ለመስጠት አቅም እንዳለው ይቆጠራል። በ2017 መጀመሪያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ሆነ። የዚህ ሲሶ 1,586 ብር ከምናምን ነው። የቀረው ቦሌ አራብሳ ላይ አንዲት ክፍል ለመከራየትና ከዚያ መገናኛ ድረስ በየቀኑ በታክሲ ለመመላለስ ይበቃ እንደሆነ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሁሉ ያውቀዋል።

ሕጋችን በብዙ ክፍሉ የተቀዳው ከሕንድ እ.ኤ.አ. የ1908 ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ ስለዚህ እናት ሕጉ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሕንዶች ድንበሩን በየጊዜው ከፍ አድርገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ላይ በዋለ ማሻሻያ ከ400 ወደ 1,000 ሩፒ አምጥተውታል። አወቃቀሩም ይለያል። በእነሱ ሕግ የመጀመሪያው 1,000 ሩፒ ለማንም ሰው አይነካም፤ ስሌቱ የሚጀምረው ከዚያ በላይ ባለው ላይ ነው። በተጨማሪም ደመወዝ ለ24 ወር ከተቆረጠ በኋላ ለ12 ወር እረፍት ይሰጠዋል፤ በተመሳሳይ ፍርድ የተቆረጠ ከሆነም ከዚያ ወዲያ አይነካም። ጀርመኖች ለዕዳ የማይያዘውን የደመወዝ መጠን በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ላይ ያስተካክላሉ። ይህ ሲደረግ በጀርመን አበዳሪ ጠፍቶ ብድር አልቆመም።

የተጻፈው ጥበቃ ራሱ ደግሞ በባንክ ደጃፍ ላይ ይተናል። ከደመወዝ ሁለት ሦስተኛው እንዳይነካ የተደነገገው ገንዘቡ በአሠሪው እጅ እያለ በግልጽ ይሠራል፤ ዛሬ ግን የአዲስ አበባ ሠራተኛ ደመወዙን የሚቀበለው በባንክ ሒሳቡ ነው። የእግድ ደብዳቤ ባንክ ሲደርስ የሚጠቅሰው የገንዘቡን ልክ እንጂ ከየት እንደመጣ አይደለም። ሒሳቡ ይታገዳል፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያም አብሮ ይታገዳል። ባለዕዳው ችሎት ቀርቦ «ይህ ደመወዜ ነው» ብሎ እስኪያስረዳና ትእዛዝ እስኪሻሻል ድረስ ሳምንታት ይሄዳሉ፤ ጠበቃ የሌለው ሰው ማስረዳት እንደሚችል እንኳ አያውቅም።

የሙያ መሣሪያ የሚለውም እንዲሁ ነው። በ1958 የነበረው ባለሙያ አናጢ፣ ልብስ ሰፊ፣ አንጥረኛ ነበር። ዛሬ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ ጎሮ የሚሠራ የራይድ ሹፌር መሣሪያው መኪናው ነው። መኪናው ራሱ ለብድሩ መያዣ ተደርጎ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ባለመያዣው ቅድሚያ መብት አለው። መያዣ ባልሆነበት፣ በሌላ ተራ ዕዳ ሲታገድ ግን መኪናውን እንደ ቅንጦት ሀብት ቆጥሮ መሸጥ ሕጉ «ሙያውን የሚሠራበት» ካለው ጋር አይሄድም። የባለገንዘቡም ጥቅም አይደለም። ሹፌሩ መኪናውን ይዞ በየወሩ ቢከፍል በሁለት ዓመት የሚዘጋ ዕዳ፣ መኪናው በሐራጅ ወርዶ ተሸጦ ሹፌሩ ሥራ ሲፈታ ቀሪው ከማንም አይገኝም።

አሁን ወደ ቤት። በአዲስ አበባ አንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ሀብት ቤቱ ነው፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚሸጠው ግንባታውና የይዞታ መብቱ ነው። በአንቀጽ 404 ዝርዝር ውስጥ የመኖሪያ ቤት የለም። ባለገንዘቡ ባንክ ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤት መሄድም አይጠበቅበትም፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በሁለተኛው ሐራጅ ገዢ ካልቀረበም በመጀመሪያው ሐራጅ ግምት ንብረቱን ራሱ ሊረከብ ይችላል።

በአዲስ ዘመን ጋዜጣ የሚወጡትን የሐራጅ ማስታወቂያዎች ያነበበ ሰው ቀመሩን ያውቀዋል። ተጫራቹ የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ ያስይዛል፤ ካሸነፈ ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ ይከፍላል። ይህ ደንብ ከተጫራቾች መካከል ማንን እንደሚያስቀር ማሰብ ነው። ቤት በብድር የሚገዛ ተራ ቤተሰብ በ15 ቀን ብድር አያገኝም። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ የሚቀሩት ጥሬ ገንዘብ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ጥቂቶች ደግሞ ይተዋወቃሉ። በመጀመሪያው ሐራጅ ዝም ካሉ በሁለተኛው ዋጋው ይወርዳል። ግምቱ ከወጣ በኋላ ጉዳዩ በክርክር ወራት ከወሰደም፣ ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት ከተማ ግምቱ ገና ከመነሻው ያረጀ ነው።

እንበል፣ አያት አካባቢ 8 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት አለ፤ ዕዳው 5 ሚሊዮን ነው። በገበያ ዋጋ ቢሸጥ ባለገንዘቡ ሙሉ ይከፈለዋል፤ ቤተሰቡም በተረፈው 3 ሚሊዮን ራቅ ያለ ቦታ ትንሽ ቤት ይጀምራል። በሁለተኛ ሐራጅ 4 ሚሊዮን ከወጣ ግን ቤቱ ሄዶ የ1 ሚሊዮን ዕዳ ይቀራል፤ ለቀሪውም ደመወዝ ይቆረጣል። «ባለዕዳው የእጁን አገኘ» የሚለው ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያለበት ከቤቱ ዋጋ የጎደለው 4 ሚሊዮን የሄደበትን ነው። ከተበዳሪውም ከአበዳሪውም ኪስ ወጥቶ፣ ከብድሩ ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበረው ሦስተኛ ሰው ኪስ ገብቷል። ጭካኔው የከፈለው ለዚህ ሰው ነው።

በዚሁ ቤት ውስጥ ያለችው ሚስት ጉዳይ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ባል የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሚስቱ ስምምነት መሸጥም ማስያዝም አይችልም። በዚያው አዋጅ አንቀጽ 70 ግን የአንዱ ተጋቢ ዕዳ ከግል ንብረቱ፣ የግል ንብረት ከሌለው ከጋራ ንብረቱ ላይ ሊከፈል ይችላል። ቤቱን ለማስያዝ የእሷ ፊርማ ግዴታ ነው፤ ቤቱን በፍርድ ለመያዝ ግን የእሱ ዕዳ ብቻ ይበቃል። ስለ ብድሩ የምትሰማው በሩ ላይ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ነው። ያኔ የሚቀራት በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 የመብት ጥያቄ ማቅረብ ነው፤ የሐራጁ ቀን እየገሰገሰ ሳለ ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም እንዳልዋለ ማስረዳት ይጠበቅባታል።

የኮንዶሚኒየም ሰፈሮችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በዕጣ የደረሰ ቤት ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ስለተከለከለ፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ላይ ብዙ ቤቶች በውክልናና በመንደር ውል እጅ ቀይረዋል። ማኅደሩ ላይ ያለው ስም ግን የባለዕጣው ነው። ባለዕጣው በሌላ ዕዳ ሲፈረድበት፣ ገዢዋ ገንዘቧን ከፍላ ለዓመታት የኖረችበት ቤት ይታገዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ስለሚያዝ የመንደሩ ውል አያድናትም። የማታውቀውን ሰው ዕዳ በራሷ ጣሪያ ትከፍላለች።

ዋሱ ሌላው ነው። በዚህ ከተማ ሥራ ለመቀጠርም፣ ከቁጠባና ብድር ተቋም ለመበደርም ዋስ ይጠየቃል፤ ጓደኛ ለጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ ለባልደረባ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ያጽፋል። ቅጹ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የምትለዋን ሐረግ የሚያስተውላት ጥቂት ነው። ተራ ዋስ ቢሆን ባለገንዘቡ መጀመሪያ የዋናውን ተበዳሪ ንብረት እንዲፈልግ መጠየቅ ይችል ነበር። በዚህች ሐረግ ግን ይህን መብቱን ትቷል፤ ባለገንዘቡ በቀጥታ ወደ እሱ ይመጣል። ተበዳሪው አገር ለቅቆ ሲወጣ የሚቀረው መሥሪያ ቤቱና ደመወዙ የታወቀው ዋስ ነው። አንድ ብር ሳይበደር ለዓመታት ሲሶውን የሚከፍል ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ የደመወዝ ክፍል ሠራተኞችን መጠየቅ ይበቃል።

ወደ እሥር ስንመጣ የጭካኔ ደጋፊዎች ድምፅ ከፍ ይላል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በፍትሐ ብሔር አፈጻጸም ባለዕዳውን እስከ 6 ወር ማሠር የሚፈቅደው ድንጋጌ ነው። ሁለተኛውና በገበያው የሚፈራው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ነው፤ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ያወጣ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊፈረድበት ይችላል። የቦሌ አበዳሪ ብድር ሲሰጥ ቀን ያልተጻፈበት ቼክ አስፈርሞ በመሳቢያ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። በወንጀል ሕጉ የተከለከለው አራጣም ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በዚህ ቼክ ውስጥ ነው፤ ቼኩ ላይ የሚሰፍረው ዋናው ገንዘብና ወለዱ ተደምሮ ነውና ችሎት የሚያየው አንድ ድምር ብቻ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ መከልከሉ ቼኩ ፊት ረዳት ያጣል።

በጥንቱ የቆራኛ ሥርዓት አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ይታሠሩ ነበር፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይሄዳል። ቢያንስ ባለገንዘቡ የእሥሩ ዋጋ በራሱ እጅ ላይ ይሰማው ነበር። ዛሬ የታሠረው ሰው ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ሆኖ ምንም አያገኝም፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ኪራዩ ይከማቻል፣ አበዳሪውም ገንዘቡን ከቤተሰቡ እንባ ላይ ይጠብቃል። አንዳንዴ ዘመድ አዋጥቶ ይከፍላል፤ ደጋፊዎቹ «እሥር ይሠራል» የሚሉት ይህን አይተው ነው። ግን የከፈለው ባለዕዳው አይደለም፤ ያልተበደሩ እኅቶቹና ወንድሞቹ ናቸው። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 በውል የተገባን ግዴታ ለመፈጸም ባለመቻል ብቻ ማንም እንዳይታሠር ይደነግጋል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። «መክፈል እየቻለ እምቢ ያለ» እና «መክፈል ያልቻለ» ሳይለዩ ማሠር ይህን ይጥሳል።

ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሚቀርበው ከባድ ክርክር ባለገንዘቡ ሁልጊዜ ሀብታም አይደለም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በቀላሉም መታለፍ የለበትም። የአክሰስ ሪል ስቴትን ጉዳይ የሚያስታውስ ያውቀዋል፦ ከ2,000 በላይ ቤት ገዢዎች፣ ብዙዎቹ በውጭ አገር ሠርተው ያጠራቀሙ፣ ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ከፍለው ለዓመታት ቤታቸውን ሳይረከቡ ቆዩ። ለእነዚህ ሰዎች ስለ ባለዕዳ ርኅራኄ ማውራት ስድብ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጉዳዩ የሚያሳየው ምንድን ነው? ክስ ነበረ፤ እሥርም ነበረ። ክሱም እሥሩም ቤት አልሠራም። ገዢዎቹን የጎዳው የቅጣት ማነስ ሳይሆን፣ ገንዘባቸው የት እንደገባ በጊዜው የሚቆጣጠርና የቀረውን ሀብት ሳይበተን አንድ ላይ ይዞ የሚያከፋፍል ሥርዓት አለመኖሩ ነው።

ያ ሥርዓት ለነጋዴዎች ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የተቸገረ ነጋዴና የንግድ ማኅበር ዕዳውን ከባለገንዘቦቹ ጋር መልሶ የሚያደራጅበትን መንገድ ከፍቷል። ኪሳራ ሲታወጅም ባለገንዘቦች በቅደም ተከተል ይከፈላቸዋል። ደመወዝተኛ፣ ዋስ፣ ጡረተኛ፣ የቤት እመቤት ግን በዚህ ሕግ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ሚሊዮኖች ያጠፋ ኩባንያ መልሶ የመደራጀት ዕድል ሲኖረው፣ ለጓደኛው የፈረመ መምህር የለውም። ባለገንዘቦቹም እርስ በርስ ይሽቀዳደማሉ፤ ቀድሞ እግድ ያወጣው ይወስዳል፣ የቀረው ባዶ ሒሳብ ላይ ይቆማል።

ለውጡ የሚጀምረው ከሚደበቀው ሰው ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 386 ፍርድ ቤቱ ባለዕዳውን ጠርቶ ስለ ሀብቱ በመሐላ እንዲመረምረው ይፈቅዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ባለዕዳ ባለገንዘቡን ለመጉዳት የፈጸመውን ዝውውር ለማስፈረስ በር ከፍቷል። እነዚህ መሣሪያዎች ዝገዋል። የፋይዳ መታወቂያ ከባንክ ሒሳብ ጋር በሚገናኝበት ጊዜ ባለመብቱ ለ30 ባንኮች ደብዳቤ ይዞ መዞሩ ምክንያት የለውም፤ አንድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሁሉም ሊደርስ ይችላል፤ የትኛው ገንዘብ ደመወዝ እንደሆነም በዚያው ሊለይ ይችላል። ውሸት የማለና ንብረት የሸሸገ ሰው ቢታሠር ማንም አያዝንለትም። ሐራጁም ለባንክ ብድር ፈላጊ በሚበቃ የመክፈያ ጊዜ፣ ከጋዜጣ ጥግ ወጥቶ በስልክ በሚታይ ማስታወቂያ፣ በቅርብ በታደሰ ግምት ሊካሄድ ይችላል።

የሁለት ብሩን ድንበር ማንሳት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው፤ የግብሩን ድንበር ደጋግሞ ለማንቀሳቀስ ጊዜ ያገኘ ምክር ቤት ለዚህም ሊያገኝ ይገባል። እስከዚያው ግን ዳኞች እጃቸው አልታሠረም። አንቀጽ 404 ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ የሦስት ወር ምግብና ገንዘብ እንዳይያዝ ሲል የብር ልክ አላስቀመጠም። መጠኑን የሚወስነው የአፈጻጸሙን መዝገብ የያዘው ችሎት ነው፤ በ1958 ሳይሆን በዛሬው የጤፍ ዋጋ፣ በዛሬው የገርጂና የጎሮ ኪራይ። ባለዕዳው ባይጠይቅም እንኳ፣ የባንክ ሒሳብ እግድ ከመፈረሙ በፊት «በዚህ ሒሳብ ደመወዝ ይገባል ወይ? ስንት ሰው ይተዳደርበታል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በትእዛዙ ላይ ማስፈር አዲስ አዋጅ አይፈልግም። በቦሌ፣ በየካና በሌሎቹ ምድብ ችሎቶች ከሚቀጥለው ቀጠሮ ጀምሮ ሊደረግ ይችላል።